ስለ ቅዳሜው የኮፍያ ሸንጎ

ማኅበራችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ከሚነጋገርባቸው ጉዳዮች መካከል በ6ኛ ተራ የሰፈረው «የምድር ቤቱን ክፍል አጠቃቀም ስለ መወሰን» ይላል። ርእሱን ብቻ ያነበበ አባል ስለ ቁልፍና ስለ ማሞቂያ ሒሳብ የሚወራ ይመስለውና በዚያ ሰዓት ሲጋራውን ሊያጨስ ወጣ ይል ይሆናል። እንዳይወጣ እለምነዋለሁ። የሚወሰነው ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ ክፍል ተሰብስበው ሹራብ ኮፍያ የሚሠሩት፣ ቡና የሚያፈሉትና ዳቦ ቆሎ የሚያዞሩት ሰዎች ይቀመጡ ወይስ ይነሡ የሚለው ነው።

ሁለት የውሳኔ ሐሳቦች ቀርበዋል። አንደኛው፣ ክፍሉ «ከማኅበሩ ዓላማ ጋር ለተያያዙ ስብሰባዎች ብቻ» እንዲውል ይጠይቃል። በግልጽ አማርኛ፣ ይውጡ ማለት ነው። ሁለተኛው ለስለስ ያለ ነው፤ ስብስቡ በሥራ አስፈጻሚው ሥር የሴቶች ጉዳይ ንዑስ ኮሚቴ ሆኖ እንዲዋቀር፣ ሊቀ መንበርና ጸሐፊ እንዲመረጥለት፣ የአባላት መዝገብ እንዲኖረው፣ በየወሩም ሪፖርት እንዲያቀርብ ይላል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ይቃወማል፤ ሁለተኛውን እንዲያውም ከፊተኛው አብልጦ።

ክፍሉን አይተውት ለማያውቁ አባላት ጥቂት ልበል። መስኮቱ ወደ ብስክሌት ማቆሚያው የሚያይ፣ ግድግዳው ላይ ያለፉት ጉባኤዎች መፈክር ቀለሙ ደብዝዞ የተሰቀለበት ጠባብ ቤት ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ 12፣ አንዳንዴም 15 ሰው ይሰበሰባል። ተማሪዎች አሉ፤ ይህንኑ ዩኒቨርሲቲ ሌሊት የሚያጸዱ እኅቶች አሉ፤ አንዲት ነርስ አለች፤ ሁለት ወንዶችም አሉ፣ ስለ እነሱ በኋላ እመለሳለሁ። አንዷ ድፎ ትጋግራለች፣ አንዷ ጭኮ ከቤተሰቦቿ ሲላክላት ታመጣለች፣ ምንም የሌለው ቆሎ ይቆላል። ከክሩ ልቃቂት አጠገብ የሱፍ ቆሎ ይቀመጣል። ሱፍ ይለበሳል፣ ሱፍ ይበላል፤ አማርኛችን ሁለቱን በአንድ ስም መጥራቱ ለዚህ ስብስብ ታስቦ የተደረገ ይመስላል።

ኮፍያው ለምን ተመረጠ? ምክንያቱ የገንዘብና የጊዜ ነው። ሙሉ ሹራብ ለመሥራት ወር ይፈጃል፤ ለኮፍያ ሁለት ምሽትና 100 ግራም ክር ይበቃል። ክሩ ወፍራም ከሆነ 80 ያህል ዐይን በአራት ሽቦ ላይ ተከፋፍሎ ይጀመራል፣ አምስተኛው ሽቦ ይሠራል። አራት ጣት የሚሆነው ጠርዝ ሁለት ወዲህ ሁለት ወዲያ እየተባለ ይወጣል፤ ሳይላላ ጆሮን የሚይዘው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ መዞር ነው። አናቱ ላይ ሲደረስ ዐይኖቹ እየተቀነሱ ይሄዱና ስምንት ሲቀሩ ክሩ ተቆርጦ በመካከላቸው ያልፋል፣ ይሳባል፣ ይቋጠራል። አንዴ የለመደ እጅ ዓይን አያስፈልገውም፤ ዓይንና ምላስ ነጻ ይሆናሉ። ይህችን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የክርክሬ ግማሽ እሷ ላይ ነው።

ኮፍያዎቹ የት ይሄዳሉ? ወደ አገር በሚገቡ ሰዎች ሻንጣ ተከፋፍለው ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባረው ለሚመለሱ ወገኖች ይደርሳሉ። ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰማ ያስቃል፤ ከበረሃ ለሚመጣ ሰው የሱፍ ኮፍያ! ጂዛን የቀይ ባሕር ዳርቻ ነው፣ ሙቀቱም የታወቀ ነው። ነገር ግን ከዚያ ተይዞ የታሰረ ሰው ብዙውን ጊዜ በተያዘበት ልብስ ነው የሚሳፈረው። የሚያርፈው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው የቦሌ ሜዳ ላይ፣ ምናልባትም በሐምሌ ሌሊት ነው። ከዚያ ወደ ደላንታ፣ ወደ መንዝ፣ ወደ አርሲ ደጋ ይሄዳል። ባዶ እጁን መሄዱ አይቀርም፤ ራሱ ግን ባይራቆት ይሻላል ያለችው የስብስቡ መሥራች ናት።

ይህን ያሰበችው ሰው ማን እንደሆነች ካልተናገርሁ ነገሩ ጎዶሎ ይሆናል። ስማቸውን አልጽፍም፤ ምክንያቱን በኋላ አንባቢ ይረዳዋል። እኛ እትዬ እንላቸዋለን። የወሎ ሰው ናቸው። ፈይፋ በሚባል ተራራ ላይ አራት ዓመት በቤት ሠራተኛነት ኖረው፣ አሠሪዎቻቸው ለሕክምና ወደዚህ አገር ሲመጡ አብረው መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። የሚከተለውን የጻፍሁት በፈቃዳቸው ነው።

ፈይፋ ከጂዛን ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከየመን ድንበር አፍ ላይ የቆመ ተራራ ነው። ጫፉ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ቁልቁለቱ ከግርጌ እስከ አናቱ በእርከን ተሠርቷል፤ ጠዋት ጉም ይወርድበታል። ቡና ይበቅላል፤ የጂዛን ተራሮች ሰዎች ኸውላኒ የሚሉትን ቡና የማልማት ዕውቀታቸው በ2022 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። የቡናውን ገለባ አፍልተው ይጠጣሉ፤ ይህንንም የሐረር ሰው ቢሰማ አይደንቀውም። በዚያ አውራጃ ለሑሕ የሚባል ዓይናማ ቂጣ ይጋገራል፤ የጤፍ ባይሆንም የእንጀራ ታናሽ እኅት ነው። እትዬ መጀመሪያ የደረሱ ቀን ጉሙንና እርከኑን አይተው፣ «አውሮፕላኑ ዞሮ አገሬ የመለሰኝ መስሎኝ ነበር» ይላሉ።

የፈይፋና የአካባቢው ወንዶች በባህላቸው ራሳቸው ላይ ጉንጉን ያስራሉ። ከሚሸት ቅጠልና ከአበባ የሚጎነጎን ነው፤ ረይሓን የሚሉት የእኛ በሶብላ ዘመድ ነው፣ ጤና አዳምም ይገባበታል። አረጋዊም ጎረምሳም ያደርገዋል። የቤቱ ጌታ እናት፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት፣ ይህን ጉንጉን በመሥራት የታወቁ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ጣራው ላይ ወጥተው ቅጠሉን ዘርግተው ይቀመጣሉ። እትዬም ልብስ ሊያሰጡ ሲወጡ፣ አንድ ቀን ቅጠል አቀብይኝ ተባሉ። ነገ ደግሞ ጎንጉኚ ተባሉ። እሳቸው በልጅነታቸው ደሴ ትምህርት ቤት ዳንቴል ተምረው ስለ ነበር፣ ነጭ ክርና ኪሮሽ ተገዝቶላቸው ታቂያ መሥራት ጀመሩ፤ ታቂያ ወንዶቹ ከጥምጥማቸው ሥር የሚያደርጉት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነጭ ቆብ ነው። ጎረቤት አይቶ ለባሌም ለልጄም አለ። ከወዲያኛው ቤት ሌላ ኢትዮጵያዊት ሠራተኛ ተጨመረች፣ አንዲት የመናዊትም መጣች። አሮጊቷ ሙዝ በቂጣ ለውሰው ማርና ቅቤ ያፈሰሱበትን መርሳ የሚባል ምግብ ያቀርባሉ፤ እትዬ በጋዝ ምድጃ የጋገሩትን ድፎ ይቆርሳሉ። ታቂያው በሳምንቱ ገበያ ተሸጦ ግማሹ ገንዘብ ለሠሪዋ ይሰጥ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሰምቶ፣ «አየህ፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፣ ኪሮሽ የመደብ ልዩነትን አጠፋው» የሚል የዋህ ቢኖር ቆይ ልበለው። የእትዬ ፓስፖርት በዚያው ሁሉ ጊዜ በቤቱ ጌታ ሣጥን ተቆልፎበት ነበር። ያለ ከፊላቸው ፈቃድ ከተራራው አይወርዱም። ደመወዛቸው ሰባት ወር ተይዟል። ጣራው ላይ የተቀመጡት እኩል ሆነው አልነበረም፤ ጀምበር ስትጠልቅ አንዷ ትጋደማለች፣ ሌላዋ ሳህን ልታጥብ ትወርዳለች። ሆኖም የሰባቱ ወር ነገር በአሮጊቷ ጆሮ የገባው እዚያ ነው። እትዬ እንደሚሉት ዓይን ለዓይን እየተያዩ ቢሆን ኖሮ በአፋቸው አይወጣም ነበር፤ ቀና ሳይሉ፣ ኪሮሹን ሳያቆሙ ነው የተናገሩት። አሮጊቷም ቀና ሳይሉ ሰሙ። በሳምንቱ የሦስት ወሩ ተከፈለ። የአራቱ ወር እስከ ዛሬ አልተከፈለም፤ ፓስፖርቱንም ያገኙት እዚህ አገር አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ለማኅተም ሲሰጣቸው ነው። ልኩ ይህ ነው፤ ከዚህ አላበዛም፣ ከዚህም አላሳንስም።

ሌሊት ሌሊት ከገደሉ ወዲያ ተኩስ ይሰማ ነበር። በኦቦክ ወይም በቦሳሶ ባሕር ተሻግሮ፣ የመንን በእግሩ አቋርጦ፣ ከሰዓዳ ወደ ጂዛን የሚገባው ወገናችን የሚያልፈው በእነዚህ ተራሮች ሥር ነው። አንዳንድ ጊዜ ጠዋት በእርከኑ ላይ ልጆች ይታያሉ፤ ከንፈራቸው የደረቀ፣ እግራቸው የቆሰለ። በሳዑዲ ሕግ ሰርጎ ገብን ያጓጓዘ ወይም ያስጠለለ እስከ 15 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል ቅጣት ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ በር አይከፈትላቸውም። ከጣራው ሸንጎ የተረፈው ዳቦ ግን ማታ ማታ በእርከኑ ካብ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ማን እንዳስቀመጠው አይጠየቅም። ጠዋት አይገኝም።

በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ሁቲዎች በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ከሰሜን የመን ወደ ድንበሩ ገፍተው ሲያስወጡ ከሳዑዲ በኩል ተተኮሰባቸው፤ የተረፉትም በጂዛን እስር ቤቶች ታጎሩ። ሂውማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ደግሞ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ የድንበር ጠባቂዎች በጥይትና በከባድ መሣሪያ ቢያንስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ገድለዋል ይላል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን መሠረት የለሽ ብሎታል። ማኅበራችን በዚያ ሰሞን መግለጫ አውጥቷል፤ ጥሩ መግለጫ ነበር፣ ሦስት ገጽ። እዚህ ላይ አልከራከርም።

የምከራከረው ወሬው ለሰው የደረሰው በምን ነው በሚለው ላይ ነው። ከእኛ አባላት የአንዷ ወንድም ጂዛን ውስጥ መያዙ ሲሰማ፣ በየትኛው እስር ቤት እንዳለ የታወቀው በቅዳሜው ክፍል ነው። የማን እኅት የት እንዳለች፣ የትኛው ስልክ እንደሚያነሣ፣ በአረብኛ የመጣው ወረቀት ምን እንደሚል፣ ሐዋላው በማን በኩል ቢሄድ እንደማይጠፋ፣ ይህ ሁሉ በኮፍያ ጠርዝ ላይ ተነጋግሮ ያልቃል። ከኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ሲመለሱ፣ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌሎች 100,000 ያህል እንዲመለሱ ሁለቱ መንግሥታት ሲስማሙ፣ ከእነዚህ አኃዞች ውስጥ አንዱን ሰው በስሙ ፈልጎ ለማግኘት ኤምባሲ የደወለ ሁሉ ምን እንደ ተባለ ያውቀዋል። ይቆዩ ይባላል። በእኛ ምድር ቤት ግን፣ «ቆይ፣ የአክስቴ ልጅ እዚያ ናት» የሚል ሰው አይጠፋም።

የመጀመሪያውን የውሳኔ ሐሳብ ያቀረቡት ወንድሞች ሦስት ነገር ይላሉ። አንደኛው፣ ይህ የፈረንጅ ባልቴቶች ጊዜ ማሳለፊያ ነው የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በመኪና ሄዶ አያውቅም ማለት ነው። ጣርማ በር ላይ መኪናው ሲቆም የበግ ጸጉር ኮፍያ አንጠልጥለው የሚሮጡት እረኞች ከፈረንጅ አልተማሩትም። በመንዝ ጸጉሩ ይፈተላል፣ ባና ይሠራል፤ እጁ ሥራ የማይፈታ እረኛ ኮፍያውን ራሱ ያበጃል። ከላይ እመለስባቸዋለሁ ካልኋቸው ሁለት ወንዶች አንዱ የዚያ አገር ልጅ ነው፤ እዚህ የውኃ ምሕንድስና ዶክትሬቱን ይሠራል፣ በቅዳሜው ክፍል ደግሞ ከማናችንም ፈጥኖ ይጨርሳል። ኪሮሽና ዳንቴል ስማቸው ፈረንሳይኛ መሆኑ እውነት ነው። ሹራብና ኮፍያ ግን ቃላቸው ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ ይመስላል፤ እንዲያውም ማዶ ያለው አረብ ሹራብ ሲል የእግር ሹራብን ነው፣ እኛ ወደ ላይ አውጥተነዋል።

ሁለተኛው ምጽዋት ነው የሚል ነው፤ ኮፍያ ጥይት አያቆምም፣ የከፊልን ሥርዓት አያፈርስም። አዎ፣ አያቆምም፤ አያፈርስምም። ሦስት ገጽ መግለጫም አላቆመም። ምጽዋት ማለት የማያውቁት ለማያውቁት የሚሰጠው ከሆነ፣ እነዚህ ሰዎች ለማን እንደሚሠሩ ያውቃሉ፤ እኩሌቶቹ ራሳቸው ያንን መንገድ መጥተውበታል። ሦስተኛው ክስ ሐሜት ነው የሚል ነው። ሴት ሲሰበሰብ ሐሜት፣ ወንድ ሲሰበሰብ ውይይት መባሉን አያቶቻችን ጀምረውት እኛ በዲግሪ አጽንተነዋል። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት በአደባባይ የሚተርት አባል ዛሬ የለም፤ በሥራ ግን ይተረታል።

የተማሪው እንቅስቃሴ በዚህ በኩል ያለበት ዕዳ አሮጌ ነው። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የልብስ ትርኢት በተዘጋጀ ጊዜ ተማሪዎች የባህል ወረራ ነው ብለው ተነሡ። ወረራ መኖሩ ሐሰት አልነበረም። እንቁላሉ የተወረወረው ግን ባህሉን ወረረ በተባለው ባዕድ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ለማየት የመጡ የገዛ እኅቶቻቸው ተጎነታትለዋል፣ ተሰድበዋል። መሬት ለአራሹን ሦስት ዓመት ቀድሞ በአደባባይ የጠየቀ ትውልድ፣ ስለ ሴት ቀሚስ ሲሆን እጁን ማንሣት ቀለለው። ስለዚያ ትውልድ ጀግንነት የምንጽፈውን ያህል ስለዚያች ቀን አንጽፍም።

አሁን ወደ ሁለተኛው የውሳኔ ሐሳብ ልምጣ፣ ወደ ለስላሳው። አቅራቢዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ስብስቡን ማክበራቸውም ነው። ነገር ግን የሴቶችን የእጅ ሥራ ዋጋ ማንም ባያውቅ ኃይል ያለው ሁሉ ምንጊዜም ያውቀዋል፤ ሲያውቅ ደግሞ በመዋቅር ያስገባዋል። በ1928ቱ ወረራ የአዲስ አበባ ሴቶች በልዕልት ፀሐይ መሪነት ተሰብስበው ለዘማቹ ልብስና ቁስል መጠቅለያ፣ ከመርዝ ጭስ መከላከያም ጭምር ሰፍተዋል፤ ያ በፈቃድ ነበር። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ግን በየቀበሌው ዳቦ ቆሎና በሶ፣ ድርቆሽም እየታዘዘ ለጦሩ ስንቅ ተሰናዳ። ልጇ በቀይ ሽብር የተገደለባት እናት የገዳዩን ስንቅ ቆልታለች። ቀጥሎም በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተቋቋመ፤ ሊቀ መንበር ነበረው፣ ጸሐፊ ነበረው፣ ሪፖርትም ነበረው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። የጎረቤት ቡና፣ ዕቁቡና ፈትሉ ግን ማንም ሳይፈቅድላቸው ቀጠሉ።

የውጭው ዓለም ታሪክም የሚለው ይህንኑ ነው። ቺሌ ውስጥ ከ1973ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ሰዎቻቸው ተወስደው የጠፉባቸው ሴቶች በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ተቀምጠው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሥዕል ይሰፉ ነበር፤ ጋዜጣ ያልጻፈውን ያ ጨርቅ ባሕር ተሻግሮ ተናገረ። ፖሊስ መጀመሪያ ስፌት ብሎ ንቆት ነበር። ንቀቱ ጠቀማቸው። ኖርዌይን የያዙት ጀርመኖች ግን ነቄ ነበሩ፤ ቀይ ሹራብ ኮፍያ የእምቢታ ምልክት መሆኑን ሲረዱ በየካቲት 1942 እ.ኤ.አ. በአዋጅ ከለከሉት።

የምቃወምበት ዋናው ምክንያት ግን ታሪክ አይደለም፤ መዝገቡ ነው። ከቅዳሜው ሰዎች ውስጥ የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው አሉ። ጥያቄያቸው ገና ያልተወሰነ አለ፤ ተወስኖ የተከለከሉም አሉ። ይህን የማያውቅ የማኅበር መሪ ካለ ይወቅ። ሊቀ መንበር ይመረጥ ሲባል ስም ይጻፋል፤ ሪፖርት ይቅረብ ሲባል ማን ምን እንዳለ ይጻፋል። የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ለበጀት ሲል የማኅበራትን መዝገብ እንደሚጠይቅ፣ እኛም በየዓመቱ እንደምናስረክብ የሥራ አስፈጻሚው አባላት ያውቃሉ። መዝገቡ ሲገባ እትዬ አይመጡም። ሌሊት የሚያጸዱት እኅቶች አይመጡም። የሚቀረው የተማሪ ቪዛ ያለን እኛ ብቻ ነን፤ ወንድሙ ጂዛን የታሰረበትን ሰው የሚያሳውቁን ደግሞ እኛ አልነበርንም።

ሌላም ትንሽ ነገር አለ፣ ግን አልተዋትም። ንዑስ ኮሚቴ ሲሆን አጀንዳ ይወጣል፣ ሰው ተራ ይዞ እጁን አንሥቶ ይናገራል። በዚያ ክፍል እስካሁን እጅ አንሥቶ የተናገረ የለም፤ እጁ ተይዟል። በጉባኤያችን ላይ አፋቸውን ከፍተው የማያውቁ እኅቶች እዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይናገራሉ። አንዷ በሳዑዲ ቤት ውስጥ የደረሰባትን፣ ለሐኪምም ያልነገረችውን፣ የኮፍያውን አናት እየቀነሰች ተናገረች። ማንም ቀና ብሎ አላያትም። አጠገቧ ያለችው ልቃቂቱ ተንከባሎ ሲሄድ መልሳ ሰጠቻት፣ ሌላዋ ቡና ቀዳችላት፣ ወሬውም ከእሷ ጋር ቀጠለ። ይህ በየትኛው ቃለ ጉባኤ ይጻፋል?

ስለዚህ በተራ ቁጥር 6 ላይ ሦስተኛ የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ። ክፍሉ ቅዳሜ ከ9 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት እንደ ነበረው ይሁን፤ ማሞቂያው ይብራ፤ ቁልፉ የተጨማሪ ኮሚቴ ጣልቃ ገብነት ሳይኖር በእነሱ እጅ ይቆይ። አረብኛ የሚያነብ አባል ፈቃዱ ከሆነ በወር ሁለት ጊዜ እዚያ ይቀመጥ፤ ወረቀት ይዘው የሚመጡ አሉ፣ እስካሁን የሚያነቡላቸው እትዬ ብቻቸውን ናቸው፣ እሳቸውም የመንግሥት ደብዳቤ አረብኛ እንደሚከብዳቸው ይናገራሉ። ስብስቡ ለማኅበሩ ሪፖርት አያቀርብም፤ ማኅበሩ ግን መግለጫ ከማውጣቱ በፊት ወርዶ ቢጠይቅ በሩ አልተዘጋም። ባለፈው መግለጫችን ላይ የእስር ቤቱን ስም ተሳስተን እንደ ነበር ያረሙን እነሱ ናቸው።

ድምፅ የሚሰጠው ዓርብ ማታ ነው። በማግስቱ ቅዳሜ ከአባሎቻችን አንዱ ወደ አዲስ አበባ ይሳፈራል፤ በሻንጣው 40 ኮፍያ ቦታ አለኝ ብሏል፣ እስካሁን 33 ተሠርቷል። ሽቦና ኪሮሽ ሞልቷል። ያለቀው ወፍራም ጥቁርና ቡናማ ክር ነው፤ ቀጭን የሕፃን ክር እንዳታመጡ፣ ብዙ ተርፎናል።